«ዝም ካለ ተሽሎታል»፦ ስለ ዕድገት እክልና ስለ አእምሮ መድኃኒት የሚባለውና እውነታው

«ክኒኑን ከወሰደ አፉን ይፈታል።»

አይፈታም። ኦቲዝምን ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነትን የሚያድን ክኒን የለም። ሪስፔሪዶን የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ኦቲዝም ላለባቸው ከ5 እስከ 16 ዓመት ልጆች ሲፈቀድ ለከባድ ብስጭት፣ ሰው ለመምታትና ራስን ለመጉዳት እንጂ ለንግግር አልነበረም። ስለዚህ ማዘዣው ሲጻፍ «ለምኑ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ለኦቲዝሙ» የሚል መልስ አይበቃም። «ራሱን ከግድግዳ ጋር ማጋጨቱ እንዲቀንስ» ይበቃል፣ ምክንያቱም ይህ ይቆጠራል።

«የሚቆጣው የአእምሮ ሕመም ቢይዘው ነው።»

ብዙ ሰው የጎዳው ይህኛው ነው። መናገር የማይችል ሰው የጥርሱን፣ የጆሮውን፣ የሆድ ድርቀቱን ሕመም የሚነግረን በጩኸትና በመናከስ ነው። ድዱን ማየት፣ ጆሮው መግል እንዳለው መመልከት፣ ከተጸዳዳ ስንት ቀኑ እንደሆነ መጠየቅ ከማንኛውም ክኒን ይቀድማል። ቀጥሎ የሚወስደው መድኃኒት ይታይ። በጎጃም ገጠር ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል አንዳንድ ልጆችን ቅብጥብጥና ነጭናጫ ያደርጋል። ይህ ሳይታወቅ ሃሎፔሪዶል የተባለው ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ቢደረብበት በጉዳት ላይ ጉዳት ነው። ይሁንና ፌኖባርቢታልን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ቅያሬው በሐኪም እጅ፣ ቀስ በቀስ ነው።

ሕመም ካልተገኘ ለ2 ሳምንት ሦስት ነገር ይመዝገብ፦ ቁጣው ከመነሣቱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ሰው ምን አደረገለት። መጻፍ የማይችል ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ቁጣ አንድ ጠጠር በጣሳ ይጨምር። የሠርግ ጫጫታ ወይም እናቱ ገበያ የምትውልበት ቀን ሆኖ ሲገኝ መፍትሔው ከመድኃኒት ቤት አይመጣም።

«ዝም ካለ ተሽሎታል።»

ቀኑን ሙሉ የሚያንቀላፋና ምራቁ የሚዝረከረክ ሰው ለጠባቂው ቀለለ እንጂ አልተሻለውም። ተቃራኒውም አለ፦ ሃሎፔሪዶል አንዳንዱን ቁጭ ማለት ያሳጣዋል፤ ይወጣል፣ ይገባል፣ እግሩን ያመላልሳል። ቤተሰብ «ባሰበት» ሲል መጠኑ ይጨመርለታል፣ እረፍት ማጣቱም ይብስበታል። መሆን የሚገባው መቀነስ ነው።

«ብዙ ሲሰጥ ቶሎ ይሠራል።»

ሪስፔሪዶን ለኦቲዝም ልጆች ሲጀመር ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ በቀን 0.25 ሚሊ ግራም፣ ለሌላው 0.5 ነው። ቢያንስ 4 ቀን ሳይሞላው አይጨመርም። ከተጨመረ በኋላም ቢያንስ 14 ቀን ይጠበቃል። ከመጀመሩ በፊት ልጁ ይመዘን፣ የምግብ ፍላጎትን ስለሚከፍት ክብደት ይጨምራል። የእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ2015 የሕክምና መመሪያ በ6 ሳምንት ለውጥ ካልታየ መድኃኒቱ ይቁም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ በ86 የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናትም ባዶ ክኒን (መድኃኒት የሌለበት ማነጻጸሪያ) የወሰዱት ጠበኝነታቸው ሪስፔሪዶን ወይም ሃሎፔሪዶል ከወሰዱት ባላነሰ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ያለ ምክንያት ወራት መቀጠል ለዚህ ነው የማያስኬደው። አንገቱ ወይም ዓይኑ ወደ አንድ ጎን ከተጠማዘዘ፣ ወይም ትኩሳት ከሰውነት መገተር ጋር ከመጣ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት።

«አይገባውም፣ በወጡ ውስጥ ደብቆ መስጠት ነው።»

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀብላለች፤ ደብቆ መስጠት መብቱን መጋፋት ነው። ክኒኑን በእጁ ያስይዙት፣ «ይህ እንዳትመታ ይረዳሃል» በሚል አጭር ቃል ይንገሩት። ፊቱን ቢያዞር ምናልባት ምሬቱን፣ ምናልባትም ድብታውን እየተቃወመ ነውና ይጠየቅ።

«ጠበል የገባ መድኃኒት ይተው።»

አብረው ይሄዳሉ። ሰባት ቀን ጠበል የሚሰነብት ሰው የሰባት ቀን ክኒኑንና የማዘዣ ወረቀቱን ይያዝ። የሚጾም ከሆነ ማታ ብቻ እንዲወስደው ይቻል እንደሆነ ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁለት።