በጎንደር ዙሪያ የአለት ንብርብር አነባበብ

የጎንደር ደጋ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ የተደራረበ ባዝልት (ላቫ ቀዝቅዞ የሚሠራው ጥቁር አለት) ነው። የንብርብር ጥናት (ስትራቲግራፊ) መነሻ ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 ያስቀመጠው ሕግ ነው፦ ካልተገለበጠ በቀር የታችኛው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል። ንብርብሮችን ሰንጥቆ የገባ የቀለጠ አለት ግድግዳ (ዳይክ) ደግሞ ከሰነጠቃቸው ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

ከደባርቅ በታች በሊማሊሞ መንገድ ገደሉ እርከን እርከን ሆኖ ይታያል። ጥቅጥቅ ያለው የላቫው መሃል ቀጥ ያለ ገደል ይሠራል፤ ቀዳዳ የበዛበት አናቱ ቶሎ ስለሚፈርስ ተዳፋት ይሆናል። ቀዳዳዎቹን ብዙ ጊዜ ዜኦላይት ወይም ካልሳይት የተባለ ነጭ ማዕድን ይሞላቸዋል። ካልሳይቱ ላይ 10 በመቶ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ቢደረግ ይፈላል፤ ጀማሪ ይህን አይቶ አለቱን የኖራ ድንጋይ ብሎ ይመዘግባል።

ትልቁ ትኩረት የሚገባው የንብርብሮቹ መገናኛ ነው። በሁለት ላቫዎች መካከል ያለ ቀይ አፈር እሳተ ገሞራው ጋብ ብሎ የታችኛው አለት አፈር እስኪሆን ድረስ ጊዜ እንዳለፈ ያሳያል። ላቫ የሚያቃጥለው ከሥሩ ያለውን ብቻ ነው። ቀልጦ በንብርብሮች መካከል ሾልኮ የገባ አለት («ሲል» የሚባለው) ግን ከላይም ከታችም ያቃጥላል። ይህን ሳይለዩ ቅደም ተከተል መጻፍ ዕድሜውን ያዛባል።

የአለቱ አገላለጽ ከሩቅ ይጀመራል፦ የገደሉ ንድፍ ከነመጠኑ ይሣላል፣ ተንሸራቶ የወረደ ቋጥኝም ይለያል። ከዚያ በመዶሻ አዲስ ገጽ ተከፍቶ የአዲሱና ያረጀው ገጽ ቀለም ለየብቻ ይጻፋል፤ ቅንጣቱና ማዕድኑ በ10 እጥፍ ማጉያ ይታያል። ውፍረት የሚለካው ለንብርብሩ ቀጥ ባለ ማዕዘን ነው፤ ሜትሩ በተዳፋቱ ላይ ከተዘረጋ ቁጥሩ ይሳሳታል። ባዝልት ማግኔታይት (ማግኔትነት ያለው የብረት ማዕድን) ስላለው፣ በተለይ መብረቅ በመታው ጫፍ ላይ፣ ኮምፓስን ያስታል። ስለዚህ ከአለቱ ራቅ ብሎ ደጋግሞ ማንበብ ያስፈልጋል። የዝንባሌው ማዕዘን በስበት ስለሚለካ አይነካም።

ከጎንደር በስተ ምዕራብ ጭልጋ ላይ ሁኔታው ይለወጣል። እዚያ በባዝልቱ ላይ የጭቃ ድንጋይ፣ የአሸዋ ድንጋይ፣ ሊግናይት (ቡናማ የድንጋይ ከሰል) እና የእሳተ ገሞራ አመድ ተነባብረዋል፤ የ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የዕፅዋትና የአጥቢ እንስሳት ቅሪትም ተገኝቶባቸዋል። ቅንጣቱ ከ0.0625 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ አሸዋ ነው፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር የቀጠነ ንብርብር ላሚና ይባላል። ዕድሜ የሚያስለካው አመዱ ስለሆነ ናሙናው የተበላሸው ገጽ ተቆፍሮ ከተነሣ በኋላ ከንብርብሩ መሃል ይወሰዳል፤ የናሙናው ቁጥርም በከረጢቱና በማስታወሻው ላይ እኩል ይሰፍራል።