የሥጋ ተቃርኖ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው እንስሳ ሲሠቃይ ማየት አይወድም፤ ሥጋ መብላት ግን ይወዳል። ይህንን የስሜትና የተግባር አለመጣጣም የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች «የሥጋ ተቃርኖ» ይሉታል። ስቲቭ ሎክናን፣ ኒክ ሃስላም እና ብሮክ ባስቲያን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ከተሳታፊዎቹ ከፊሎቹ ቋንጣ የመሰለ የደረቀ የበሬ ሥጋ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ለውዝ መሰል ፍሬ በልተው ስለ እንስሳት ተጠየቁ። ሥጋውን የበሉት ለላም የሚገባትን ክብር ፍሬውን ከበሉት ይልቅ ዝቅ አድርገው ገመቱት፤ ለእንስሳት የመጨነቅ ግዴታ አለብን የሚለው ስሜታቸውም ቀንሶ ተገኘ። ሰው የሚበላውን እንስሳ በሐሳቡ ከራሱ ያርቃል ማለት ነው።

ለማራቅ ቋንቋም ያግዛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የከብትን ሥጋ «ቢፍ»፣ የአሳማን «ፖርክ» ይሉታል፤ የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት፣ በምግብ ዝርዝር ላይ እነዚህ ቃላት በእንስሳቱ ስም ሲተኩ የአንባቢው ርኅራኄ ይጨምራል፣ የመብላት ፍላጎቱም ይቀንሳል። በአማርኛ ግን እንዲህ ያለ መጋረጃ የለም፤ የምንበላው በስሙ የበግ ሥጋ፣ የፍየል ሥጋ ነው።

ይሁንና ተቃርኖው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ሥጋ ገዝቶ ለሚበላው ሳይሆን አሳድጎ ለሚለየው ሰው ነው። ለፋሲካ ቀደም ተብሎ የተገዛውን በግ ሣር እያበላና ውኃ እያጠጣ የሰነበተ ልጅ ወጡን አልቀምስም ቢል፣ ሞልቃቃ ብሎ መገሠጽ ስሕተት ይመስለኛል፤ እንክብካቤው ራሱ የወለደው ፍቅር ነውና።

የሐረርጌ ገበሬ ይህንን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ሲያርስበት የኖረውን በሬ ከቀንበር ካሳረፈው በኋላ ቤቱ አጠገብ አስሮ፣ ማሳውን ለማሳሳት የነቀለውን የማሽላና የበቆሎ ቡቃያ እየጠቀለለ በእጁ ያጎርሰዋል። ማጉረስ ለምንወደው ሰው የምናደርገው ነገር መሆኑን ልብ ይሏል። እንዲህ ለወራት ጎርሶ የደለበው ሰንጋ በመጨረሻ ወደ ገበያ ይነዳል፤ ከሽያጩም ለእርሻ የሚሆን ወጣት በሬ ይገዛል። ገበሬው በሬውን መውደዱ ከመሸጥ አላገደውም፤ መሸጡም ፍቅሩን ሐሰት አያደርገውም። ሁለቱን አብሮ መሸከም ከማራቅ ይልቅ ከባድ ነው፤ እኔ ግን የበለጠ እውነተኛ ሆኖ አገኘዋለሁ።

አብሮ ለመሸከም የሚረዱ ሥርዓቶችም አሉ። በእስልምና አስተምህሮ ቢላዋው በደንብ የተሳለ እንዲሆን፣ ነገር ግን በእንስሳው ፊት እንዳይሳል፣ አንዱም እንስሳ ሌላው እያየ እንዳይታረድ ይታዘዛል። አራጁ ከፊቱ ያለው ፍጡር እንደሚያይና እንደሚፈራ ሳይዘነጋ እንዲያርድ ማለት ነው።