ሮክዌል ቁጥር ምንድን ነው? ውድ ሰንጢን በአንድ ቁጥር ስለመመዘን

ውድ የኪስ ሰንጢ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ እጀታውን፣ መቆለፊያውንና የስለቱን አሠራር ትቶ በአንድ ቁጥር ዙሪያ መሰብሰቡ እየተለመደ መጥቷል፤ ይኸውም በኤች አር ሲ የሚገለጸው የሮክዌል ቁጥር ነው። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ብረቱ 64 ያልደረሰ ሰንጢ ለዕለት ተዕለት ሥራ አይረባም፣ ከ400 ዶላር በላይ ሲጠየቅበትማ ማጭበርበር ነው» ብሎ በሙሉ ልብ ጽፎ ብዙ ሰው ሲያመሰግነው አየሁ። ብረት ማጠንከርና የጠነከረውን መለካት የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ ይህ አባባል ሳይታረም መዞሩ ያንገበግበኛል፤ በዚህ ስሌት የሚገዛ ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ለሥራው የማይስማማ ሰንጢ ይዞ ይገባልና።

ቁጥሩ የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው። 120 ዲግሪ የሆነ የአልማዝ ሾጣጣ መጀመሪያ በ10 ኪሎ፣ ቀጥሎ በጠቅላላው በ150 ኪሎ ጫና ብረቱ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ጫናው ወደ 10 ኪሎ ተመልሶ፣ ብረቱ ላይ የቀረው ጉድጓድ ምን ያህል እንደጠለቀ ይነበባል። ከ100 ተነሥቶ ለእያንዳንዱ 0.002 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አንድ ነጥብ ይቀነሳል። ስለዚህ 60 የተባለ ብረት የ0.08 ሚሊ ሜትር፣ 62 የተባለው ደግሞ የ0.076 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ የወጣበት ነው። አስተያየት ሰጪው በዚያው ጽሑፉ «ሰማይና ምድር» ያደረገው የሁለት ነጥብ ልዩነት 0.004 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በደንብ በተስተካከለ መሣሪያ ላይም አንድ ነጥብ ወዲህ ወዲያ ማለት ያለ ነገር መሆኑን የለካ ሁሉ ያውቀዋል።

መሣሪያው የተፈለሰፈበት ምክንያትም ከዚህ ክርክር ጋር የሚገናኝ ነው። ሂዩ ሮክዌልና ስታንሊ ሮክዌል በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት በኩሽኔታ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ የፈጠራ መብት ያመለከቱት እ.ኤ.አ. በ1914 ነው፤ መብቱ የጸናላቸውም በ1919 ነው። ይፈልጉት የነበረው ከምድጃ የወጣው የኩሽኔታ ቀለበት እንደታሰበው መጠንከር አለመጠንከሩን በፍጥነት ማረጋገጥ ነበር። ዛሬም የቁጥሩ እውነተኛ ጥቅም ይኸው ነው፦ ይህ የታወቀ ብረት በታሰበለት ሙቀት ተጠንክሮ፣ በታሰበለት ሙቀት መልሶ ለዝቧል ወይ? ከዚህ ያለፈውን ጥያቄ እንዲመልስ አልተሠራም።

ጂማ ውስጥ በቡና ሥራ ያለፈ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የቡና እርጥበት መለኪያን ማሰብ ይበቃዋል። ቡናው ከ10 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ካነበበ ለመጋዘን ደርሷል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይሻግታል፣ ከልክ በታች ከደረቀ ደግሞ ሲፈለፈል ይሰባበራል። ብረትም እንዲሁ ነው፤ ከተገቢው በታች ሲለሰልስ ስለቱ ይታጠፋል፣ ከተገቢው በላይ ሲጠነክር ይሸረፋል። ታዲያ አንድ ነጋዴ «የእኔ ቡና 7 በመቶ ነው፣ ከሁላችሁም ይበልጥ ደርቋል» ብሎ ዋጋ ቢጨምር የሚገዛው ማን ነው? መለኪያው ስለ ጣዕሙ አልተናገረም፤ ከአጋሮ ይሁን ከሌላ ስፍራ፣ የታጠበ ይሁን ጀንፈል አይለይም፤ ናሙናው ከጆንያው አፍ ብቻ ከተወሰደ ደግሞ ስለ ጆንያው ሥር እንኳ አያስረዳም። የሮክዌል ቁጥርም በዚህ ሁሉ ከእርጥበት መለኪያው ጋር አንድ ነው፤ የሚለያዩት፣ አለልክ የደረቀ ቡና የማይካስ ሲሆን አለልክ የጠነከረ ብረት ግን እንደገና በልኩ ቢሞቅ ቁጥሩ ሊወርድ መቻሉ ላይ ነው።

በአንድ ቁጥር ላይ ያሉ ሁለት ብረቶች ምን ያህል እንደሚራራቁ እንመልከት። ኤ ኢ ቢ ኤል የተባለው ብረት ለምላጭ የተሠራ ሲሆን ወደ 0.67 በመቶ ካርቦንና 13 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ ቫናዲየም የለውም። ኤስ 30 ቪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ክሩሲብል የተባለው የአሜሪካ ብረት አምራች ያወጣው በዱቄት ዘዴ የሚሠራ ብረት ሲሆን፣ 1.45 በመቶ ካርቦንና 4 በመቶ ቫናዲየም ይዟል። ሁለቱንም 61 ላይ ማድረስ ይቻላል፤ የአልማዙ ሾጣጣም ሁለቱን አንድ ናቸው ይላል። ሥራው ግን አንድ አይላቸውም። ከካርቦንና ከቫናዲየም የሚፈጠሩት ደቃቅ እህሎች ከራሱ ከብረቱ እጅግ የጠነከሩ ስለሆኑ፣ ኤስ 30 ቪ አቧራ የጠጣ የቃጫ ጆንያና ሲባጎ ቀኑን ሙሉ ሲቆርጥ ቢውል ቶሎ አይዶለዱምም። በሌላ በኩል እነዚያው እህሎች ስለቱን ወደ ጎን ጠምዘዝ ሲያደርጉት ለመሸረፍ መነሻ ይሆናሉ፤ ገበያ ላይ የሚገኘው መሳያ ድንጋይ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ የተሠራ ከሆነም ከእነርሱ ስለሚለሰልስ፣ ባለቤቱ የአልማዝ መሳያ ከሌለው ሲሞርድ ያመሻል። ኤ ኢ ቢ ኤል ቶሎ ይዶለዱማል፤ ነገር ግን እንደ ምላጭ ይሳላል፣ በቀላሉም አይሸረፍም። የአቮካዶ ችግኝ የሚያዳቅል ሰው የሚሻው ይህንኛውን ነው፤ የቡና ጆንያ ሲከፍት የሚውለው ደግሞ ያኛውን።

አስተያየት ሰጪው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ማግናከት የተባለ የሰንጢ ብረት እንደ ማስረጃ ጠቅሷል። እውነት ነው፣ ማግናከት 63 ላይ ተጠንክሮ በሚገባ ይሠራል። ይህን ያስቻለው ግን ቁጥሩ ሳይሆን፣ ላሪን ቶማስ የተባለው የብረት ባለሙያ ቅንብሩን ሲቀምር ትልልቆቹን የክሮሚየም እህሎች አስወግዶ ጥቃቅኖቹን የቫናዲየምና የኒዮቢየም እህሎች ብቻ ማስቀረቱ ነው። ያንኑ 63 ወደ ኤስ 30 ቪ ማዛወር ለስለቱ መሸረፍን መጋበዝ ነው፤ ለእርሱ የሚመከረው ከ58 እስከ 61 አካባቢ ነውና። ከውድ ሰንጢዎች ስማቸው ከሚነሣው መካከል አንዱ የሆነው፣ ክሪስ ሪቭ የተባለው ሠሪ ሰበንዛ ብሎ የሰየመው ሰንጢም ለዓመታት ስለቱ 58 እና 59 አካባቢ እንዲሆን ሆን ተብሎ ይሠራ ነበር፤ ባለቤቱ ቤቱ ተቀምጦ እንዲስለው፣ ቢጎዳም እንዲታጠፍ እንጂ እንዳይሸረፍ ተፈልጎ ነው። ይህን ማጭበርበር ማለት ሥራውን ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ግን ቁጥሩ የተወሰደበት ቦታ ነው። ልኬቱ እንዲታመን ብረቱ ከጉድጓዱ ጥልቀት ቢያንስ አሥር እጥፍ መወፈር አለበት፤ ለ60 ይህ 0.8 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የጥሩ ሰንጢ ስለት ግን ከጠርዙ ከፍ ብሎ ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የተነገራችሁ ቁጥር ከእጀታው አጠገብ ካለው ወፍራምና ጠፍጣፋ ቦታ የተወሰደ እንጂ ከሚቆርጠው ጠርዝ አይደለም። ጠርዙ ፋብሪካ ውስጥ ሲሞረድ አለልክ ግሎ ከነበረ፣ ወፍራሙ ቦታ 62 እያለ ጠርዙ በጣም ለዝቦ ሊገኝ ይችላል። ሂርማታ ገበያ ወስዶ ውሃ በማይነካው የኤሌክትሪክ ግራይንደር ማስሳልም ያንኑ ያደርጋል፤ የሚያታልለው ደግሞ ቀለሙ ነው። ተራ የካርቦን ብረት 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል፣ የማይዝገው ብረት ግን ያንን ቀለም የሚያሳየው ከዚያ ባለፈ ሙቀት ስለሆነ፣ ቀለም አላየሁም ብሎ መጽናናት አይቻልም። የጋለው ቀጭን ጠርዝም ከፍንጣሪው ጋር ስለሚሄድ ምልክቱን ይዞት ይጠፋል። አዲስ ሰንጢ መጀመሪያ ላይ ቶሎ እየደነዘ፣ በእጅና በውሃ ጥቂት ጊዜ ከተሳለ በኋላ ሲሻሻል ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው የተቃጠለ ጠርዝ ተሞርዶ ማለቁ ነው።

ዝገትም በዚህ ቁጥር አይነበብም፤ እንዲያውም አንዳንዱን የማይዝግ ብረት ከ500 ዲግሪ በላይ መልሶ በማሞቅ ቁጥሩን ማስጠበቅ ሲቻል፣ ዝገትን የሚከላከለው ክሮሚየም ግን በእህሎቹ ተይዞ ይቀንሳል። ክረምቱ ረጅም በሆነበት በጂማ፣ ሰንጢውን ብርቱካን ከቆረጠበት በኋላ ሳይጠርግ ኪሱ ለሚከት ሰው ይህ ከሁለት ነጥብ ጥንካሬ ይበልጥበታል።

ስለ መቆለፊያውም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ውድ ሰንጢዎች እጀታቸው ቲታኒየም ነው፤ መቆለፊያቸውም ብዙውን ጊዜ ከዚያው እጀታ የወጣ ምላስ ነው፤ በብዛት የሚሠራበት የቲታኒየም ዓይነት በዚሁ መለኪያ 36 አካባቢ ስለሆነ፣ 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ የስለት ተረከዝ (ከመቆለፊያው ጋር የሚገናኘው የስለቱ ኋላ) በተከፈተ ቁጥር መቆለፊያውን ሲገፋው ቀስ በቀስ ይበላዋል። ጠንቃቃ ሠሪዎች በመገናኛው ላይ የጠነከረ የብረት ቁራጭ ወይም የሴራሚክ ኳስ የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ሰንጢውን ከፍታችሁ መቆለፊያው የስለቱን ተረከዝ ምን ያህል እንደያዘ ተመልከቱ፤ በአዲሱነቱ ወደ ማዶ ተሻግሮ ከሆነ ለመበላት የቀረለት ቦታ የለም፤ ጠርዙን ብቻ ነክቶ ከሆነም ሊያመልጥ ይችላል። ከዚያም የስለቱን ጀርባ በአውራ ጣታችሁና በጠቋሚ ጣታችሁ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ከተላወሰ 64 ቢባልም አትግዙት።