ቴሌማ ምንድን ነው?

«ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን።» አቡነ ዘበሰማያትን በግሪክኛ የሚደግም ሰው እዚህ ላይ «ፈቃድ» የምንለውን «ቴሌማ» ይለዋል። እንግሊዛዊው አስማተኛ አሌስተር ክሮውሊ ይህንኑ ቃል ወስዶ ለመሠረተው ሃይማኖት መጠሪያ አደረገው። ጸሎቱ «ፈቃድህ» ይላል፤ የክሮውሊ ሃይማኖት የቆመው ግን «ፈቃዴ» በሚለው ላይ ነው።

ክሮውሊ በ1875 እ.ኤ.አ. ሲወለድ ወላጆቹ የመጽሐፍ ቅዱስን ቃል አጥብቀው የሚይዙ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ሰባኪ የነበረው አባቱ ልጁ ገና የ11 ዓመት ሳለ ሞተ። እናቱ ሲያስቸግራት በዮሐንስ ራእይ ባለው «አውሬ» ትጠራው ነበር፤ እርሱም ስድቡን እንደ ማዕረግ ይዞት አደገና «ታላቁ አውሬ» እያለ ይፈርም ጀመር። ድፍረቱ ከዚህ ቤት የወጣ ይመስለኛል። ቅዱሳት መጻሕፍትን ያቃለለው ጥቅሱን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው።

በሚያዝያ 1904 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ ለሦስት ቀን፣ በየቀኑ ከቀኑ 6 እስከ 7 ሰዓት፣ አይዋስ የተባለ መንፈስ ነገረኝ ያለውን ጻፈ። የጽሑፉ ዋና ትእዛዝ «የወደድኸውን አድርግ» የሚል ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ልቅነት ይረዱታል፤ የአማርኛው «ፈቃድ» ራሱ እንደ ዓመት ፈቃድና እንደ ንግድ ፈቃድ መፈቀድንም ስለሚያሰማ መሳሳቱ ቀላል ነው። ክሮውሊ ግን ምኞት ሁሉ ፈቃድ ነው አላለም። እንደ እርሱ አባባል ሰው ሁሉ ኮከብ ነው፤ የራሱ ምሕዋር አለው፣ ሥራውም ያንን አግኝቶ መከተል ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ ማመን ብቻ አይበቃቸውም ነበር፤ የእያንዳንዱን ልምምድ ቀን፣ ሰዓትና ውጤት በማስታወሻ ደብተር እንዲመዘግቡ ይጠየቃሉ። ክሮውሊ ያሳትመው የነበረው መጽሔትም «የሳይንስ ዘዴ፣ የሃይማኖት ግብ» የሚል መፈክር ነበረው።

የቴሌማ ተከታዮች ማዕድ ሲቀርብ ምስጋና አያደርሱም። አንዱ «ፈቃድህ ምንድን ነው?» ይላል፤ ሌላው «መብላትና መጠጣት» ብሎ ይመልሳል። «ለምን?» «ሰውነቴ እንዲበረታ።» እንደገና «ለምን?» «ታላቁን ሥራ እንድፈጽም።» ታላቁ ሥራ የሚሉት የመንፈሳዊ ጉዟቸውን ግብ ነው። እንጀራውን የሰጠ አካል በዚህ ንግግር ውስጥ አይነሣም።

ልቤን የሚይዘው ግን የፍቅር ቦታ ነው። የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው አውግስጢኖስ በአምስተኛው ክፍለ ዘመን መባቻ «ውደድ፤ የፈለግኸውንም አድርግ» ብሎ ሰብኮ ነበር። ክሮውሊም ፍቅር ሕግ ነው ይላል፤ ወዲያው ግን «ከፈቃድ በታች» ብሎ ይጨምርበታል። አውግስጢኖስ ፍቅርን ያስቀደመው ፈቃድን እንዲገራ ነበር፤ እዚህ የሚገዛው ፈቃድ ነው፣ እርሱን የሚገራው ደግሞ የለም።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ክሮውሊ ለተማሪዎቹ ከጻፈው አንድ ልምምድ ይታያል። ተማሪው ለአንድ ሳምንት እንደ «እኔ» ያለ ቃል ላለመናገር ይምላል፤ አምልጦት በተናገረ ቁጥር ክንዱን በምላጭ ይቆርጣል። በ1920 እ.ኤ.አ. ክሮውሊ በሲሲሊ፣ ቼፋሉ ከተማ፣ ከተከታዮቹ ጋር የሚኖርበት ቤት ከፈተ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ወጣት ተከታይ እዚያው ታሞ ሞተ፤ በዚያው ዓመት የሙሶሊኒ መንግሥት ክሮውሊን ከጣሊያን አስወጣው።