የዲኤንኤ ገልባጭ አጋዥ ፕሮቲኖች

ሕዋስ ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን፣ ማለትም በኬሚካል ፊደሎች የተጻፉትን ሁለት የተጠማዘዙ ክሮች፣ ይገለብጣል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ የሚደረድረው ኢንዛይም ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ ይባላል። አርተር ኮርንበርግ ይህን ኢንዛይም እ.ኤ.አ. በ1956 ከባክቴሪያ ለይቶ አወጣ፤ በ1959ም ለዚህ ሥራው ኖቤል ተሸለመ። ፖሊመሬዝ ግን ብቻውን ሲሠራ ቶሎ ከክሩ የሚላቀቅና የሚሳሳት ሠራተኛ ነው። ክሩን የሚፈቱለት፣ የሚይዙለትና ስህተቱን የሚያርሙለት ፕሮቲኖች አጋዥ ፕሮቲኖች ይባላሉ።

ጥቅማቸው ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው እነሱ በሌሉበት ነው። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በጅማ መንገድ ሰበታ ላይ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ፣ በአምቦ መንገድ ደግሞ ሆለታ ላይ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል ይገኛሉ። እንዲህ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ዲኤንኤ የሚባዛው በፒሲአር ማሽን ነው። በትንሿ ቱቦ ውስጥ ያለው ገልባጭ ፖሊመሬዝ ብቻ ስለሆነ፣ የአጋዦቹን ሥራ ማሽኑና ባለሙያው ይተኩታል። ሁለቱ ክሮች እንዲላቀቁ ቱቦው ወደ 95 ዲግሪ ይሞቃል። ፖሊመሬዝ ከባዶ መጀመር ስለማይችል፣ ፕራይመር የሚባሉ አጫጭር መነሻ ክሮች ቀድመው ተሠርተው ይጨመሩለታል።

ሕዋስ ግን እንዲህ ቢሞቅ ይሞታል። በሰው ሕዋስ ውስጥ ክሩን የሚተረትረው ኤምሲኤም የሚባል ሄሊኬዝ ነው፤ የተላቀቀው ክር መልሶ እንዳይጣበቅ አርፒኤ የሚባል ፕሮቲን ይሸፍነዋል፤ መነሻውን ፕራይሜዝ ይሠራል። አንደኛው ክር ከ100 እስከ 200 ፊደል ባላቸው ቁርጥራጮች ስለሚገለበጥ፣ ሊጌዝ መጋጠሚያዎቹን ይዘጋል።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ቀለበቱ ነው። በሰው ፒሲኤንኤ የሚባለው ሦስት ተመሳሳይ ፕሮቲኖች ተያይዘው የሚሠሩት ክብ ሲሆን፣ የባክቴሪያው አቻ ከሁለት የተገጠመ ነው። ቀለበቱ ዲኤንኤውን ከብቦ በላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ ፖሊመሬዙም እሱን ተደግፎ ይጓዛል። የተዘጋ ቀለበት በራሱ ክሩን ስለማይከብብ፣ አርኤፍሲ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ኤቲፒ ከተባለው የሕዋስ ጉልበት ሰጪ ሞለኪውል ኃይል ወስዶ ከፍቶ ያጠልቀዋል። ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ዋናው ፖሊመሬዝ ያለ ቀለበት አሥር ያህል ፊደል ጽፎ ይወድቃል፤ ቀለበት ሲኖረው ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ፊደሎችን ሳይላቀቅ፣ በሴኮንድ እስከ 1,000 በሚደርስ ፍጥነት ይገለብጣል።

ፖሊመሬዝ ፊደል ሲመርጥ ብቻ ከ100,000 አንድ ጊዜ ያህል ይሳሳታል። የአንድ ሰው ሕዋስ 6 ቢሊዮን ገደማ ጥንድ ፊደሎች ስላሉትና ሁለቱም ክሮች ስለሚገለበጡ፣ በአንድ ግልበጣ 120,000 ያህል ስህተት ይሆን ነበር። የተሳሳተውን ፊደል እዚያው ነቅሎ የሚጥለው አራሚ ክፍል ይህን ከመቶ እጥፍ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። በኢ. ኮላይ ይህን የሚሠራው ከገልባጩ አጠገብ የተሰካ ራሱን የቻለ ፕሮቲን ነው። ያመለጠውን ደግሞ ሌላ ቡድን ከኋላ ተከትሎ ያርማል፤ በመጨረሻ የሚቀረው ከቢሊዮን አንድ ያህል ስህተት ነው።

ይህ የመጨረሻው እርማት ከባድ ጥያቄ አለበት። ቁም ጸሐፊ ሲሳሳት ብራናውን ፍቆ ያርማል፤ ዋናው መጽሐፍ ከፊቱ ተዘርግቷልና። እዚህ ግን ዋናውና ቅጂው ተጠማዝዘው አንድ ላይ ናቸው። የትኛው ይፋቅ? ኢ. ኮላይ ላይ አሮጌው ክር ሜቲል የሚባል ኬሚካላዊ ምልክት ስላለው፣ ሙት-ኤስ የሚባለው ፕሮቲን ስህተቱን ያገኛል፣ ሙት-ኤል መልእክቱን ያስተላልፋል፣ ሙት-ኤች ምልክት የሌለውን አዲሱን ክር ይቆርጣል። በሰው ሕዋስ ውስጥ ገና ያልተዘጉ መጋጠሚያዎችና የቀለበቱ አቀማመጥ አዲሱን ክር ይጠቁማሉ። ፖል ሞድሪች በዚህ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከተጋሩት አንዱ ነው። የእነዚህ አራሚዎች ዘረመል ተበላሽቶ ሲወረስ ሊንች ሲንድረም ይባላል፤ በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝን ዕድል በእጅጉ ከፍ ያደርጋል።

በፒሲአር የተለመደው ታክ ፖሊመሬዝ፣ ፍል ውኃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተገኘ ሲሆን፣ አራሚ ክፍሉ አይሠራም። የታመመ በግ ናሙና ውስጥ ቫይረስ አለ ወይስ የለም ለሚለው ጥያቄ ይህ ጉድለት ብዙም አይጎዳም። እያንዳንዱ ፊደል ለሚቆጠርበት ሥራ ግን አራሚ ያለው ኢንዛይም ይመረጣል፤ አንዳንዱም ከክሩ ሳይላቀቅ ረጅም እንዲገለብጥ ዲኤንኤ የሚጨብጥ ትንሽ ፕሮቲን ተቀጥሎበት ይሠራል።