የሞተር ጥርስ ሲቀየር የፍጥነት ጌጁ ይዋሻል?

ባሕር ዳር ያላችሁ ሞተረኞች ይህን ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁ ላስረዳ። ጥርስ የምንለው ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ጥርሳም ክብ ብረት ነው። የፊቱ ባለ 15 ጥርስ፣ የኋላው ባለ 45 ከሆነ፣ የፊቱ 3 ጊዜ ሲዞር የኋላ ጎማው አንዴ ይዞራል። የፊቱን 14 ስታደርጉት 3.2 ጊዜ ገደማ መዞር ይኖርበታል። ስለዚህ ሰው አፈናጥጣችሁ የቤዛዊትን ዳገት ስትወጡ ጉልበት ታገኛላችሁ፤ ሜዳው አስፋልት ላይ ግን በዚያው ፍጥነት ሞተሩ የበለጠ ይጮሃል።

ጌጁስ? ከየት እንደሚያነብ እዩ። የጌጁ ገመድ ከፊት ጎማ ከመጣ ምንም አይለወጥም፣ አትስጉ። ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚያነብ ከሆነ ግን ያጋንናል፦ በፊት ልክ ከነበረ፣ አሁን 60 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 56 ነው፤ የተጓዛችሁትንም ኪሎ ሜትር አብዝቶ ይቆጥራል። ይሄ ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ፣ ጥርሱን ከመግዛታችሁ በፊት ገመዱን በዓይናችሁ ተከተሉት።