የቤንጉዌላ ሰርዲንና አንቾቪ፤ የአፍሪካ ፔንግዊንም

በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚያልፈው የቤንጉዌላ ጅረት ቀዝቃዛ ነው። ነፋስ የላዩን ውሃ ከዳርቻው ሲገፋው ምግበ ንጥረ ነገር የበዛበት የጥልቁ ውሃ ይወጣል፤ በዓይን የማይታዩ ዕፅዋትና እንስሳት ይረባሉ፤ ሰርዲንና አንቾቪ እነሱን ይበላሉ። ፔንግዊን፣ ጋኔት የተባለው የባሕር ወፍ፣ አቆስጣና ዶልፊን ደግሞ ሁለቱን ዓሦች ይበላሉ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጥማጁ መንጋውን በድምፅ መሣሪያ ያገኝና መረቡን በዙሪያው ይዘረጋል። በግርጌው ቀለበቶች ውስጥ የሚያልፈውን ገመድ ሲስበው መረቡ እንደ ከረጢት አፍ ይቋጠራል፤ ዓሣው በፓምፕ ይቀዳል። ሰርዲን በአብዛኛው በቆርቆሮ ይታሸጋል፤ አንቾቪ ዱቄትና ዘይት ይሆናል። የሚያዘው አንቾቪ አብዛኛው ዓመት ያልሞላው ስለሆነ የሰርዲን ግልገልም አብሮት ይወጣል። የሁለቱ ኮታ (እንዲጠመድ የሚፈቀደው መጠን) ተያይዞ የሚወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። የጥናት መርከብ በግንቦትና ሰኔ ገደማ ግልገሎቹን፣ በጥቅምትና ኅዳር ገደማ የጎለመሱትን ይለካል።

በፔንግዊን ላይ የመጀመሪያው ጉዳት የመጣው ከመረብ አልነበረም። ጎጆውን የሚቆፍርበት የኩስ ክምር ለማዳበሪያ ተዝቆ ተወሰደ፤ እንቁላሉም እስከ 1960ዎቹ ተለቀመ።

የደቡብ አፍሪካ የሰርዲን ምርት በ1962 ከ400,000 ቶን ካለፈ በኋላ ወደቀ፤ ጀልባዎቹም ዓይኑ ጠባብ መረብ ይዘው ወደ አንቾቪ ዞሩ። የናሚቢያው በ1968 ወደ 1.4 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ወደቀ፤ ዛሬም አላገገመም። ቦታውን የያዙት ጄሊፊሽና ጎቢ የተባለ ዓሣ ናቸው። ጎቢ ስቡ ያነሰ ስለሆነ ወፉ ሆዱ ቢሞላም ጉልበት አያገኝበትም።

ብሔራዊው የዓሣ ክምችት ደህና ሆኖ እንኳ ፔንግዊን ሊራብ ይችላል። አይበርም፤ ጫጩት ሲኖረው የሚያድነው በአብዛኛው ከጎጆው ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ላባውን ሲለውጥ ደግሞ ሦስት ሳምንት ያህል ባሕር አይገባም፤ አስቀድሞ መስባት አለበት። በሚሰባበት ሰሞን ዓሣው ከአጠገቡ ከጠፋ፣ ላባውን ሲለውጥ የብስ ላይ ሊሞት ይችላል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሰርዲኑ ወደ ምሥራቅ ሲሸሽ፣ ፋብሪካዎቹና ብዙዎቹ የወፍ ደሴቶች በምዕራብ ቀሩ፤ በዚያ በቀረው ጥቂት ዓሣ ወፍና ጀልባ ተሻሙ። ሽሽቱን ያመጣው የባሕሩ ሙቀት ለውጥ ነው ወይስ የምዕራቡ ማጥመድ የሚለው ያከራክራል፤ ሁለቱም ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም።

ከ2008 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ ምዕራብ በዳሰንና በሮበን፣ በምሥራቅም በሴንት ክሮይና በበርድ ደሴቶች ዙሪያ ማጥመድ በፈረቃ እየተዘጋና እየተከፈተ ተሞከረ። የዓሣ ኩባንያዎች ጥቅሙ ከኪሳራው አይመጣጠንም ይላሉ፤ በሴንት ክሮይ አቅራቢያ መርከቦች ነዳጅ ሲቀዱ የሚያሰሙትን ጩኸትም ይጠቅሳሉ፤ ይህ ክስ ችላ የሚባል አይደለም። በ2023 የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ቡድን መዝጋቱ ለወፉ እንደሚጠቅም፣ ብቻውን ግን ማሽቆልቆሉን እንደማይገታ ደመደመ። ትንሽም ቢሆን ጥቅም ነው፤ የቀሩት ከ10,000 ጥንድ በታች ናቸው፤ በ2024ም ወፉ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተመደበ።

በመጋቢት 2025 የፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት፣ ለወፉ የሚሟገቱ ድርጅቶችና የዓሣ ኢንዱስትሪው በተስማሙበት መሠረት፣ አራቱን ደሴቶች ጨምሮ በስድስት መራቢያዎች ዙሪያ ሰርዲንና አንቾቪ ማጥመድ እስከ 2033 እንዲከለከል አዘዘ። የተቀሩት ሁለቱ ስቶኒ ፖይንትና ዳየር ደሴት ናቸው።